ስልጠናን ለየሰራተኛው በሚሆን መልኩ ማዘጋጀት፦ ከየት ይጀመራል?

ብዙ መስሪያ ቤት ስልጠና ሲባል የሚታወቀው አንድ ነገር ነው፣ ሰላሳ ሰው አዳራሽ ይሰበሰባል፣ አሰልጣኙ ስላይዱን ከፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ሪፖርት ላይ "ለ30 ሰራተኞች ስልጠና ተሰጠ" ተብሎ ይገባል፣ በነጋታው ሁሉም እንደድሮው ይሰራል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አሰልጣኙ ደካማ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እሱ አይደለም። ከተቀመጡት ሰዎች ግማሾቹ የሚወራውን ድሮ ያውቁታል፣ አንዳንዶቹን ከስራቸው ጋር ምንም አያገናኛቸውም፣ የቀሩት ደሞ ቀድመው ማወቅ የነበረባቸውን መሰረት ስለማያውቁ ገና ሁለተኛው ስላይድ ላይ ጠፍተዋል።

"ለየሰው እናዘጋጅ" ሲባል ታዲያ ብዙ ማናጀር ይደነግጣል፣ ሰላሳ የተለያየ ኮርስ አምጡ የተባለ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። መድረሻው ለሁሉም አንድ ነው፣ ስራው በዚህ ጥራት በዚህ ጊዜ ውስጥ መሰራት አለበት፣ አለቀ። የሚለያየው እያንዳንዱ ሰው አሁን የት ነው ያለው የሚለው ነው፣ መንገዱም የሚረዝመው የሚያጥረው በዛ ነው። ትልቅ ኤችአር ላለው ድርጅትም አምስት ሰው ብቻ ለምታስተዳድሩም የሚሰራ ነገር ነው፣ እንደውም ለትንሽ ቲም ይቀላል።

እውነት የጎደለው ስልጠና ነው?

አንድ ሰራተኛ ስራው ሲበላሽ ወይ ሲዘገይ የመጀመሪያው ሀሳብ "ስልጠና ይስጡት" ነው። እስቲ ቆይ። ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ የሚባሉ የስልጠና ባለሙያዎች በ1970 እ.ኤ.አ ያስተዋወቁት አንድ ጥያቄ አለ፣ በግርድፉ ሲነገር "ይሄ ሰው ህይወቱ በዚህ ስራ ላይ ቢንጠለጠል ይሰራዋል ወይ?" የሚል ነው። መልሱ "አዎ ይሰራዋል" ከሆነ ሰውየው እውቀት አልጎደለውም ማለት ነው፣ ስለዚ ኮርስ ብትሰጡት የሚያውቀውን ነገር ነው በድጋሚ የምትነግሩት።

ታዲያ ምንድነው የጎደለው? ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሂሳብ የሚመዘግብ ሰው ሁሌ ሁለት ቀን ይዘገያል እንበል። ተጠግታችሁ ስታዩት ደረሰኞቹ ከሌላ ክፍል የሚመጡት ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወይ ሲስተሙ አንድ መረጃ ሶስት ቦታ እንዲያስገባ ያስገድደዋል። ወይ ደሞ መቼ መድረስ እንዳለበት በግልጽ የነገረው ሰው የለም፣ እሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይመስለዋል። ይሄኛው በጣም ብዙ ቦታ ያለ ነው፣ ሰራተኛው "ጥሩ ስራ" የሚባለው ምን እንደሆነ በወጉ ሳይነገረው "አይችልም" ይባላል። ሌላም አለ፣ ቶሎ የጨረሰ ሰው ሽልማቱ የሰነፉን ስራ መቀበል ሲሆን። ይሄን የሚያይ ሰው ለምን ይፈጥናል? የትኛውም አሰልጣኝ መጥቶ ይሄን አያስተካክለውም። የአሰራር ችግርን በሰራተኛው ላይ መለጠፍ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፣ ብሩም ይባክናል ሰውየውም ይቀየማል።

ስለዚ መጀመሪያ እነዚህን አጣሩ፦ መሳሪያው አለው ወይ፣ መረጃው በሰዓቱ ይደርሰዋል ወይ፣ የሚጠበቅበትን ያውቃል ወይ፣ ሲሳሳት የሚነግረው አለ ወይ፣ በትክክል ሲሰራ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ስራው ካልተሰራ ነው ስልጠና የሚታሰበው።

ርዕስ ሳይሆን ስራ ጻፉ

"ኤክሴል ስልጠና"፣ "የኮሙኒኬሽን ስልጠና"፣ "ሊደርሺፕ"... እነዚህ ርዕሶች ናቸው። ለአንድ ሰው የሚሆን ስልጠና ከርዕስ አይነሳም፣ ከስራ ነው የሚነሳው። "ኤክሴል ይማር" ከማለት "የወሩን የሽያጭ ሪፖርት ከሲስተሙ አውጥቶ፣ የተደጋገመውን አጽድቶ፣ በየቅርንጫፉ ደምሮ ያለ ስህተት ይላክ" ብላችሁ ስትጽፉ ወዲያው ብዙ ነገር ይገለጣል። ይሄ ሰው ከኤክሴል ውስጥ የሚያስፈልገው አራት አምስት ነገር ብቻ እንደሆነ ታያላችሁ፣ የቀረው የኮርሱ ክፍል ለሱ ጌጥ ነው።

አንድ የስራ መደብ ላይ ዋና ዋና ስራዎቹን ዘርዝሩ፣ ከአስር እስከ አስራ አምስት ይበቃል፣ ሀምሳ ከጻፋችሁ ማንም አይሞላውም። ከዛ ሰንጠረዥ ስሩ፣ ወደ ጎን የስራዎቹ ስም፣ ወደ ታች የሰዎቹ ስም። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቁጥር ይገባል፦ 0 ሰርቶት አያውቅም፣ 1 እየታገዘ ይሰራል፣ 2 ለብቻው በትክክል ይሰራል፣ 3 ለሌላ ሰው ማሳየት ይችላል። በቃ ይሄው ነው፣ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ከጎኑ ደሞ ማን፣ በየትኛው ስራ ላይ፣ እስከ መቼ ወደ 2 መድረስ እንዳለበት ቀን ጻፉበት። የሁሉም ሰው ሁሉም ሳጥን 3 እንዲሆን አትመኙ። ለአንድ ስራ ሁለት 2 እና አንድ 3 ካላችሁ ደህና ናችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚችለው ስራ ካለ ግን እሱ የታመመ ቀን ምን እንደምትሆኑ አስቡት።

ቁጥሩን ማን ይሙላው?

ብዙዎች እዚህ ጋር ነው የሚያበላሹት። ፎርም በትነው "ኤክሴል ላይ ራስህን ከ5 ስንት ትሰጣለህ" ይላሉ። ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ዳኒንግ የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ ባወጡት ጥናት ላይ በተሰጣቸው ፈተና በጣም ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት ሰዎች ራሳቸውን ከአማካዩ በላይ ነበር የገመቱት፣ ከፍተኛ ያመጡት ደሞ ከሌላው አንጻር ያላቸውን ደረጃ ዝቅ አርገው ነው ያዩት። ስለዚ በፎርም ብቻ ብትሄዱ ስልጠና የሚያስፈልገው ሰው "አያስፈልገኝም" ይላል፣ የማያስፈልገው ጎበዝ ደሞ መጀመሪያ ይመዘገባል።

የሚሻለው ስራውን ማየት ነው። ያለፈውን ወር ፋይል ክፈቱ፣ የት የት ነው የተስተካከለው፣ ምን ምን ነው ተመልሶ የመጣው። ከዛ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቁጭ በሉና ሲሰራ እዩት፣ እየሰራ ደሞ ምን እያሰበ እንደሆነ እንዲያወራ ጠይቁት። "እዚህ ጋር ለምን ይሄን መረጥክ?" የሚለው አንድ ጥያቄ ከሃያ የምርጫ ጥያቄ በላይ ያሳያችኋል፣ ምክንያቱም ትክክለኛውን ነገር በልምድ ብቻ የሚነካ ሰውና ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ከውጪ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ነገሩ ትንሽ ሲለወጥ ነው የሚለያዩት።

ብዙ አመት የሰራ ሰው ጋር ስትሄዱ አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። ከእናንተ በእድሜም በልምድም የሚበልጥ ሰውን "እስቲ ልፈትንዎት" ማለት በሩን መዝጋት ነው። "እርሶ ይሄን እንዴት ነው የሚሰሩት፣ አዲሶቹ የት ጋር ነው የሚሳሳቱት?" ብላችሁ ብትጠይቁ ግን በዛው የሚችሉትንም የማይችሉትንም ራሳቸው ያሳዩዋችኋል። ማታለል አይደለም፣ መልሱ እኮ እውነትም ለአዲሶቹ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ከምንም በላይ ያዙ፦ ይሄ ቁጥር የደሞዝ ጭማሪ ወይ የአመት ግምገማ ውስጥ መግባት የለበትም። አንዴ ከገባ ሁሉም ሰው ድክመቱን መደበቅ ይጀምራል፣ ሰንጠረዡም ውሸት ይሆናል። ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የተናገራችሁትን ደሞ ጠብቁ።

በምን እንለያየው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስልጠናን ለየሰው ለማስተካከል ሲባል ብዙ ቦታ የሚሰራው "አንተ በማየት ነው የምትማረው፣ አንቺ በመስማት፣ እሱ በመዳሰስ" የሚለው መጠይቅ ነው። ይሄን ተዉት። በ2008 እ.ኤ.አ ሃሮልድ ፓሽለርና ሶስት ባልደረቦቹ በርዕሱ ላይ የተሰሩትን ጥናቶች አገላብጠው ሰውን በዚህ አይነት መድቦ በዛው መንገድ ማስተማር ውጤቱን ያሻሽላል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኙም። ሰው ምርጫ የለውም ማለት አይደለም፣ ቪዲዮ የሚወድም አለ ማንበብ የሚወድም አለ፣ ግን የወደደውን ስለሰጣችሁት የበለጠ ይማራል ማለት አይደለም። ብየዳን በመስማት የሚማር ሰው የለም፣ ሁሉም በእጁ መሞከር አለበት።

በጣም የሚለያየው ሰውየው ከዚህ በፊት የሚያውቀው ነገር ነው። ጆን ስዌለርና ስላቫ ካሊዩጋ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያሳዩት አንድ ነገር አለ፣ ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው ዝርዝር ማብራሪያ ለሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጎዳዋል። የሚያውቀውን ነገር በግድ ማንበብ ሀሳቡን ይበትነዋል። ስለዚ አንድ አይነት ስላይድ ለሁለቱም ስትሰጡ አንዱን እየጎዳችሁ ነው።

በተግባር እንዲ ነው። 0 ላይ ላለው ሰው ተሰርቶ ያለቀ ስራ ነው የሚሰጠው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተደረገ ተብራርቶ። "ራስህ ፈልገህ ድረስበት" አይባልም፣ ጀማሪን ገና በመጀመሪያው ቀን ውሃ ውስጥ መወርወር ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ ግን ስንፍና ነው የምለው። ቀጥሎ ግማሹ የተሰራ ስራ ይሰጠውና የቀረውን ይጨርስ፣ ከዛ ሙሉውን ለብቻው ይስራ። 2 ላይ ላለው ሰው ደሞ ተቃራኒው፣ ማብራሪያውን ዝለሉና አስቸጋሪ ኬዝ ስጡት፣ ይስራው፣ የተሳሳተበት ቦታ ላይ ብቻ ቁሙ። አዲስ ሲስተም ሲገባ ለሱ "ከድሮው የተለወጠው ምንድነው" የሚል አንድ ገጽ ከሙሉ ቀን ኮርስ ይሻለዋል።

እዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። የድሮውን ሲስተም ለአስር አመት የሰራ ሰው አዲሱ ላይ ከጀማሪም በላይ ሊቸገር ይችላል፣ እጁ ድሮ የለመደው ቦታ ይሄዳል። ይሄ ሰው ማብራሪያ አልጎደለውም፣ የጎደለው ልምምድ ነው፣ በተለይ ሁለቱ ሲስተሞች የሚመሳሰሉበት ግን የሚለያዩበት ቦታ ላይ። እነዛን ቦታዎች ለይታችሁ አውጡና እነሱ ላይ ብቻ ደጋግሞ ይሞክር።

ሶስተኛ አይነት ሰው ደሞ አለ፣ ስራውን አሳምሮ ስለሚችል ሱፐርቫይዘር የተደረገ። ይሄ ሰው ትላንት 3 ነበር፣ ዛሬ ብዙው ሳጥኑ 0 ነው፣ ግን ማንም እንደዛ አያየውም፣ እሱም አይጠይቅም ምክንያቱም አሁን አለቃ ነው። ሰው መገሰጽ፣ ስራ ማከፋፈል፣ የራሱን የድሮ ስራ መልቀቅ፣ እነዚህን አዲስ ሰራተኛ እንደሚማረው ነው መማር ያለበት። አጠቃላይ የሊደርሺፕ ኮርስ ላይ ከመላክ ልምድ ያለው አለቃ አጠገቡ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ከባድ ንግግሮች አብሮት ቢለማመድ ይሻላል፣ አንዱ ሰራተኛውን ሆኖ ሌላው አለቃውን ሆኖ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ግን ይሰራል።

ከእውቀት ውጪ ያሉ እውነተኛ ልዩነቶችም አሉ፦ ስልጠናው የሚሰጥበትን ቋንቋ በደንብ የማያነብ፣ አይኑ ወይ ጆሮው የሚቸገር፣ የሌሊት ሺፍት የሚሰራ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ። እነዚህ የግል ምርጫ ጉዳይ አይደሉም፣ ካልተስተካከሉ ሰውየው ከነጭራሹ አይማርም። በግል ጠይቁ፣ በሰው ፊት አይደለም። የሌሊት ሺፍት ሰዎችን በተለይ አትርሱ፣ "ቀን ይምጡ" ይባላሉ፣ ከዛ እንቅልፍ ወስዷቸው ተቀምጠው ሰርተፍኬት ይወስዳሉ።

ማን ያሰልጥን፣ መቼ?

ሰንጠረዡ ላይ 3 ያለው የስራ ባልደረባ ብዙ ጊዜ ከውጪ ከሚመጣ አሰልጣኝ ይሻላል፣ ስራውን ያውቀዋል፣ ነገም እዛው አለ። ግን ጎበዝ ሰራተኛ ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም፣ ለሱ ቀላል የሆነው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚከብድ አይታየውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1940 እስከ 1945 እ.ኤ.አ የነበረ ትሬኒንግ ዊዝን ኢንዱስትሪ የሚባል ፕሮግራም ይሄን ችግር በአራት እርምጃ ነበር የያዘው፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካዎች በአዲስ ሰው ሲሞሉ። መጀመሪያ ሰልጣኙን አረጋጋው፣ ስለ ስራው ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው። ቀጥሎ ስራውን አንድ በአንድ እያሳየህ ንገረው፣ ቁልፍ የሆኑትን ነጥቦች አጥብቀህ። ከዛ እሱ ይስራው፣ እየሰራም ያስረዳህ። መጨረሻ ላይ ለብቻው ተወው ግን ማንን እንደሚጠይቅ ንገረው፣ እየሄድክም እየው። ከሰማኒያ አመት በላይ ሆኖታል ግን ዛሬም ከብዙ ውድ ኮርስ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጀመሪያውን ነው፣ ምን ያውቃል የሚለውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ማሳየት ይጀምራል። ለሚያሰለጥነው ባልደረባ ደሞ የራሱን ስራ ቀንሱለት፣ ሁለቱንም ስራ አንድ ላይ ጭናችሁበት "ለምን በደንብ አላሳየህም" ማለት አይቻልም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ በ1885 እ.ኤ.አ በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳተመው ነገር ዛሬም አልተሻረም፣ ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው፣ ከዛ መርሳቱ ይቀንሳል። ስለዚ ከሶስት ወር በኋላ የሚሰራውን ስራ ዛሬ አታሰልጥኑት። የሚሰራው ሳምንት ላይ አሰልጥኑ። ሙሉ ቀን ካላችሁ ለአራት ቦታ ክፈሉት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት። በየመሃሉ ደሞ ማስታወሻውን እንዲያነብ ከማድረግ ሳያይ ምን እንዳስታወሰ ጠይቁት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ ባሳዩት ሙከራ አንድ ጽሁፍ ካጠኑ ተማሪዎች መሃል ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ነበሩ የበለጡት፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ሲያነቡት የገባ ይመስላል፣ ችግሩ እሱ ነው።

በአመት አንዴ ሁለቴ ለሚሰራ ስራ ደሞ ስልጠና የሚባል ነገር አታስቡ። ማንም አያስታውሰውም። በስክሪን ፎቶ የተሰራ አንድ ገጽ ቼክሊስት አዘጋጁ፣ ስራው የሚሰራበት ቦታ ላይ ለጥፉት፣ በቃ።

ሁሉም ሰው የግድ የሚወስደው የደህንነትና የህግ ስልጠና ለብቻው ይታይ። እዛ ላይ "እሱ ያውቀዋል" ብሎ መዝለል ያስጠይቃል። ህጉ የሚፈቅድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፈትናችሁ የሚያውቀውን ክፍል ማሳጠር ትችላላችሁ፣ ካልፈቀደ ይውሰደው።

ከስልጠናው በኋላ

ሰውየው ተምሮ ሲመለስ የቆየው ስራ ተከምሮ ከጠበቀው የተማረውን የሚሞክርበት ጊዜ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት የተማረውን የሚጠቀምበት አንድ እውነተኛ ስራ ስጡት፣ ቀስ ብሎ እንዲሰራው ፍቀዱለት፣ መጀመሪያ ላይ ይዘገያል ያ ይጠበቃል። የቅርብ አለቃው ምን እንደተማረ ካላወቀና "ያንን ተወው፣ እዚህ በድሮው ነው የምንሰራው" ካለው ነገሩ አከተመ። ስለዚ ሰውየው ከመሄዱ በፊት እናንተ፣ እሱና የቅርብ አለቃው ሶስታችሁ ቁጭ በሉ፣ ተመልሶ ምን ስራ ላይ እንደሚያውለው ተነጋገሩ።

ሰርቷል አልሰራም የሚለውን ለማወቅ "ስልጠናውን ወደዱት ወይ" የሚለው ፎርም አይበቃም። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል የስልጠና ባለሙያ ከ1959 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለስልጠና መመዘኛ አራት ደረጃ ነው ያስቀመጠው፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ስራቸው ላይ ተጠቀሙበት ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። ብዙው መስሪያ ቤት አንደኛው ላይ ይቆማል፣ አሰልጣኙ ቀልደኛ ከሆነ ሁሉም 5 ከ5 ይሰጣል። ለአንድ ሰው ግን ሶስተኛውን ማየት ቀላል ነው፣ በፊት ያያችሁትን አይነት ስራ ከወር በኋላ ደግማችሁ እዩ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ። 1 የነበረው 2 ሆኗል? ካልሆነ የት ጋር ነው የሚቆመው? ያቺን ቦታ ብቻ ደግማችሁ ስሩ፣ ኮርሱን ከመጀመሪያ አትድገሙበት።

ሰንጠረዡን በየሶስት ወሩ አድሱት፣ ከዛ ውጪ ደሞ ሲስተም ሲቀየር፣ ሰው ቦታ ሲቀይር፣ ወይ ከረጅም እረፍት ሲመለስ። ከወሊድ ወይ ከህመም ፈቃድ የተመለሰን ሰው እንደ አዲስ ተቀጣሪ አትያዙት፣ ምንም እንዳልተለወጠ አርጋችሁም አትተዉት፣ በሌለበት ጊዜ የተለወጠውን ብቻ ለይታችሁ የመጀመሪያው ሁለት ቀን ላይ አሳዩት።